የዳገቱ ብልሃተኛ፤ የሙሴ ፖል ደ ቪቪ የሕይወት ታሪክ

ስማቸው ከመቃብር በላይ ከሚኖር ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ በጦር ሜዳ ጀግንነት፥ አንዳንዶቹ በመንግሥት ሥራ፥ አንዳንዶቹም በሊቅነት ይታወቃሉ። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ የተራውን ሰው የዕለት ድካም ለማቅለል ሲሉ ዕድሜያቸውንና ገንዘባቸውን ያዋሉ አሉ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ በየቀኑ በእጅ እየተዳሰሰና በእግር እየተረገጠ ሲያገለግል፥ የሠሪው ስም ግን ቶሎ ይረሳል። በአገሩ በፈረንሳይ ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም የታወቁት ሙሴ ፖል ደ ቪቪ ከዚህ ወገን ናቸው። በማናቸውም አገር ዳገት ሲያጋጥመው የብስክሌቱን ማርሽ አቅልሎ ሳይወርድ የሚወጣ ሰው ሁሉ፥ ስማቸውን ቢሰማም ባይሰማም፥ የእኚህ ሰው ውለታ አለበት። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሴ ደ ቪቪ በ1853 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ አውራጃ ፔርን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በትምህርት ቤት ሳሉ የጥንት ሮማውያንንና ግሪኮችን ድርሰት አብዝተው ይወዱ ነበር፤ ይህም ፍቅር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም። ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ግን የገቡት በድርሰት ሥራ ሳይሆን በንግድ ነው። በዚያ ዘመን ከደቡብ ፈረንሳይ ዋና ዋና ሀብቶች አንዱ ሐር ስለ ነበረ፥ የሐርን ሥራ ከሥር ጀምረው ተማሩና ገና በወጣትነታቸው የራሳቸውን ንግድ አቋቋሙ። ትዳር ይዘው ልጆች ወለዱ፤ ንግዳቸውም ደኅና ስለ ነበረ ኑሮአቸው የተደላደለ ሆነ። በዚያ ጊዜ እኚህ ሰው የሐር ነጋዴነታቸውን ትተው ወደ ብረታ ብረት ሥራ ይዞራሉ ብሎ የጠረጠረ ማንም አልነበረም።

የ28 ዓመት ሰው በሆኑ ጊዜ፥ በ1881 ዓ.ም. ግድም፥ የመጀመሪያዋን ብስክሌታቸውን ገዙ። የዚያ ዘመን ብስክሌት ዛሬ ከሚታወቀው እጅግ የተለየ ነበር። የፊቱ መንኮራኩር ከሰው ደረት የሚደርስ ትልቅ፥ የኋላው ግን ትንሽ ነበረ። ፔዳሉ በቀጥታ በትልቁ መንኮራኩር እምብርት ላይ የተተከለ ስለ ሆነ ሰንሰለት አልነበረውም፤ እግር አንድ ጊዜ ሲዞር መንኮራኩሩም አንድ ጊዜ ብቻ ይዞር ነበር። ስለዚህ በአንድ ዙር ርቆ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው መንኮራኩሩን ማተለቅ ግድ ይሆንበታል፤ የመንኮራኩሩም ትልቅነት በነጂው እግር ርዝመት የተወሰነ ነበር። ከዚህም በላይ ድንጋይ ቢያደናቅፈው ነጂው በግንባሩ ይደፋል። ይህ ሁሉ አደጋ ሳለ ሙሴ ደ ቪቪ በዚህ ብስክሌት ከወዳጃቸው ጋር ተወራርደው ወደ ተራራማው የላ ሼዝ ዲዩ ከተማ ረጅም ጉዞ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባቸው ከሐሩ ሸሽቶ ወደ መንገዱ ዞረ።

በዚሁ ዘመን የብስክሌት ሥራ እጅግ የተስፋፋው በእንግሊዝ አገር በኮቬንትሪ ከተማ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ጆን ስታርሊ የተባለው የኮቬንትሪ ሰው ሮቨር የተባለውን ብስክሌት አወጣ። ይህ ብስክሌት ሁለቱ መንኮራኩሮቹ ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ሲሆኑ፥ የነጂው ኃይል ከፔዳሉ ወደ ኋላ መንኮራኩር የሚተላለፈው በሰንሰለት ነው። ከ3 ዓመት በኋላም በ1888 ዓ.ም. ጆን ዳንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ሠራ። በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች የብስክሌት መልክ ተለወጠ፤ የባለጠጎች ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛው፥ የመልእክተኛውና የነጋዴው መጓጓዣ ለመሆን በቃ።

ሙሴ ደ ቪቪ ኮቬንትሪን እየተመላለሱ ይጎበኙ ስለ ነበር ይህን ለውጥ ከአገራቸው ሰዎች ብዙዎቹን ቀድመው ተረዱ። በ1887 ዓ.ም. የሐር ንግዳቸውን ሸጡና ሴንት ኤትየን በተባለች ከተማ የብስክሌት መደብር ከፈቱ። ሴንት ኤትየን የድንጋይ ከሰል የሚወጣባት፥ ጠመንጃና የጨርቅ ጥብጣብ የሚሠራባት፥ ብረት የሚያውቁ የእጅ ሠራተኞች የበዙባት ከተማ ነበረች። በመጀመሪያ የእንግሊዝን ብስክሌት እያስመጡ ይሸጡ ነበር። በዚያው ዓመት ለ ሲክሊስት የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ፤ በመጽሔቱም ላይ ቬሎሲዮ በሚል ስም ይጽፉ ጀመር። ደኅና ንግድ ያለው የልጆች አባት፥ ወደ 34 ዓመት ዕድሜው ተጠግቶ ሳለ፥ የለመደውን ትቶ ገና ገበያው ያልታወቀ ነገር መያዙ ለብዙ ሰው እብደት መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ሥራውን የያዙት በነጋዴ ሚዛን ነው፤ የሚሸጡትን ዕቃ ራሳቸው በመንገድ ላይ ይፈትኑታል፥ ያገኙትንም ደግና ክፉ በመጽሔታቸው ላይ ለሕዝብ ይገልጡታል።

በ1889 ዓ.ም. ላ ጎልዋዝ ብለው የሰየሙትን የራሳቸውን ብስክሌት አወጡ። ጠንካራና ቀላል ነበረ፤ ነገር ግን እንደ ዘመኑ ብስክሌቶች ሁሉ ያለው ማርሽ አንድ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የነገሩን ምሥጢር ማስረዳት ያስፈልጋል። የብስክሌት ብርታትና ፍጥነት የሚወሰነው ሰንሰለቱ በሚጠመጠምባቸው በሁለቱ ባለጥርስ መዘውሮች ነው። በፔዳሉ ዘንድ ያለው የፊት መዘውር 48 ጥርስ፥ በኋላው መንኮራኩር ላይ ያለው መዘውር ደግሞ 16 ጥርስ ቢኖረው፥ እግር አንድ ጊዜ ሲዞር መንኮራኩሩ 3 ጊዜ ይዞራል። የመንኮራኩሩ ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ ነጂው በአንድ የእግር ዙር 6 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የኋላው መዘውር በ24 ጥርስ ቢለወጥ ግን በአንድ ዙር የሚሄደው 4 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የፊቱ ወደ 32 ጥርስ ዝቅ ቢል 2 ሜትር ከ80 ሳንቲሜትር ይሆናል።

ይህ ልዩነት በሜዳና በዳገት ላይ ትርጉሙ የተለያየ ነው። በሜዳ ላይ በአንድ ዙር 6 ሜትር መሄድ ያስደስታል። በዳገት ላይ ግን ያንኑ 6 ሜትር በአንድ ዙር ለመውጣት የሰው ጭን አይችልም። የሥራው ጠቅላላ ድምር አይለወጥም፤ የሚለወጠው በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ኃይል ነው። አንድ ኩንታል እህል ወደ ፎቅ የሚያወጣ ሠራተኛ ኩንታሉን ባንድ ጊዜ ቢሸከመው ወገቡ ይሰበራል፤ በአራት ከፍሎ ቢያመላልሰው ግን የወጣው እህል ያው አንድ ኩንታል ሆኖ ሳለ፥ ሠራተኛው ለነገ ሥራ ደኅና ሆኖ ይገኛል። የማርሽ ጥቅም ይኸው ነው።

ሙሴ ደ ቪቪ ይህን ሒሳብ የተማሩት በመጽሐፍ ሳይሆን በዳገት ላይ ነው። ከሴንት ኤትየን ወደ ደቡብ ሲወጡ ኮል ደ ላ ሬፑብሊክ የተባለ 1,161 ሜትር ከፍታ ያለው የተራራ በር ይገኛል። እርሳቸው ይህን ዳገት አዘውትረው ይወጡት ነበር። እንደሚተረከው፥ አንድ ቀን በብርቱ ድካም እየታገሉ ሲወጡ፥ ከመጽሔታቸው አንባቢዎች አንዱ የሆነ ወጣት ፒፓውን እያጨሰ በቀላሉ አልፏቸው ሄደ። ወጣቱ ይህን ሊያደርግ የቻለው በጉልበት ስለ በለጣቸው ሳይሆን የብስክሌቱ ማርሽ የቀለለ ስለ ነበረ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ውርደት ቈጥሮ ጉልበቱን ለማጠንከር ይሞክር ነበር። ሙሴ ደ ቪቪ ግን ነገሩን አሰቡበት። የብስክሌታቸውን ማርሽ ለዳገት ብለው ቢያቀሉት በሜዳ ላይ እግራቸው በከንቱ ይሽከረከራል፤ ለሜዳ ብለው ቢያከብዱት በዳገት ላይ ይሸነፋሉ። ስለዚህ መፍትሔው አንዱን ማርሽ በሌላ መለወጥ ሳይሆን ሁለቱንም በአንድ ብስክሌት ላይ ማኖር መሆኑን ተገነዘቡ።

የመጀመሪያው ሙከራቸው እጅግ ቀላል ነበረ። በፔዳሉ ዘንድ በአንዱ መዘውር አጠገብ ሌላ አነስ ያለ መዘውር ጨመሩ። ዳገት ሲመጣ ነጂው ከብስክሌቱ ይወርድና ሰንሰለቱን በጣቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ ያዛውረዋል፤ ዳገቱ ሲያልቅ ደግሞ ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። ሰንሰለቱ ከትልቅ መዘውር ወደ ትንሽ ሲወርድ ይረግባል፤ የረገበ ሰንሰለትም ከጥርሱ ላይ ይዘላል። የዘመኑ ብልሃተኞች ይህን ችግር የሚያቃልሉት በመደመር ሒሳብ ነበር። ይኸውም የፊቱ መዘውር ጥርስ ሲቀንስ የኋላውን በዚያው መጠን መጨመር ነው። ለምሳሌ ከፊት 44 ከኋላ 18፥ በሌላው ማርሽ ደግሞ ከፊት 38 ከኋላ 24 ቢደረግ፥ የሁለቱም ድምር 62 ስለሚሆን የሰንሰለቱ ርዝመት ሳይለወጥ ለሁለቱም ይበቃል። አንድ ማርሽ ብቻ ያለውን አሮጌ ብስክሌት ባለ ሁለት ማርሽ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ይህ ሒሳብ እስከ ዛሬ ይጠቅመዋል።

ሙሴ ደ ቪቪ ግን በሁለት ማርሽ አልረኩም። ቀጥለው በብስክሌቱ ቀኝ ብቻ ሳይሆን በግራውም በኩል ሰንሰለትና መዘውር ተከሉና አራት ማርሽ አገኙ። ክብደቱና የሚጠይቀው ጥንቃቄ ብዙ ቢሆንም፥ አንድ ሰው በአንድ ብስክሌት ሜዳውንም፥ ተዳፋቱንም፥ አቀበቱንም እንደ ጠባዩ ሊይዘው እንደሚችል በግልጽ አሳየ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገርና በፈረንሳይ የሚወጣውን አዲስ ሥራ ሁሉ እያስመጡ ይፈትኑ ጀመር። አንዳንዱ ማርሹ በመንኮራኩር እምብርት ውስጥ የተሰወረ ነበር። ኢሮንዴል በተባለው የሴንት ኤትየን ብስክሌት ላይ እንደ ታየው፥ ፔዳሉ ወደ ፊት ሲገፋ በአንድ ማርሽ፥ ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ በቀለለ ማርሽ የሚሄድም ነበር። ሌላው ደግሞ ነጂው ሳይወርድ ሰንሰለቱን ከመዘውር ወደ መዘውር የሚገፋ ካምቢዮ ነበረው። ዡዋኒ ፓኔል የተባለው የከተማው ሰው የሠራው ሸሚኖ የተባለ ካምቢዮ ከዚህ ዓይነቱ አንዱ ነው። ይህን በመሰለው ሥራ ላይ በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ወዳጆቻቸው በኋላ የሴንት ኤትየን ትምህርት ቤት የሚል ስም ወጣላቸው። ትምህርት ቤቱ ግን ግድግዳ አልነበረውም፤ ክፍሉ መንገዱ፥ ፈተናውም ዳገቱ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ያገኙትን ብልሃት እንደ ንግድ ምሥጢር አለመደበቃቸው ነው። የጥርሱን ቍጥር፥ የሰንሰለቱን አካሄድ፥ በየትኛው ዳገት የትኛው ማርሽ እንደ ጠቀመና የትኛው እንደ ተሰበረ ሳይቀር በመጽሔታቸው ላይ ያሳትሙ ነበር። በዚህም ምክንያት በሩቅ አውራጃ የሚኖር አንጥረኛ ጽሑፉን አንብቦ በራሱ ብስክሌት ላይ ማርሽ ሊጨምር ይችል ነበር። ከመደብራቸው ብዙ ሀብት ባያተርፉም፥ ሐሳባቸው ከመደብራቸው ርቆ ሄደ።

ይሁን እንጂ ሐሳባቸው በሁሉ ዘንድ የተወደደ አልነበረም። ብርቱ ተቃውሞ የመጣው ከእሽቅድምድም ወገን ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ ሰዎች ዘንድ ብስክሌት የጉልበት መመዘኛ ሆኖ ይታይ ነበር። ዳገትን በከባድ ማርሽ መውጣት እንደ ጀግንነት፥ ማርሽን ማቅለል ደግሞ እንደ ድካምና እንደ ማታለል ይቈጠር ነበር። የዚህ አስተያየት ዋና ጠበቃ ሙሴ አንሪ ዴግራንዥ ነበሩ። እኚህ ሰው በ1893 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ከ325 ሜትር በመጋለብ በታወቀው መዝገብ የመጀመሪያውን የሰዓት ክብረ ወሰን የያዙ ብስክሌተኛ ሲሆኑ፥ በኋላ የስፖርት ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነው ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ውድድር ያቋቋሙ ናቸው። ስለዚህ ቃላቸው በሕዝብ ዘንድ ይሰማ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. የፈረንሳይ የቱሪስቶች ማኅበር ይህን ክርክር በሥራ ለመፈተን በተራራማ አገር ውድድር አዘጋጀ። በዚህ ውድድር ኤዱዋር ፊሸር የተባለ ስሙ የታወቀ ተሽቀዳዳሚ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ይዞ ሲሰለፍ፥ ማርት ሄስ የተባለች ሴት ደግሞ በባለ ሦስት ማርሽ ጎልዋዝ ተሰለፈች። ማርት ሄስ ተራራውን እግሯን መሬት ሳታስነካ ወጣችው። በዚያ ዘመን ሴት ብስክሌት መንዳቷ ራሱ በብዙ ሰዎች ዘንድ የሚያነጋግር ስለ ነበር፥ በብርቱ ተሽቀዳዳሚ አጠገብ እንዲህ ያለ ውጤት ማሳየቷ ለሙሴ ደ ቪቪ ሐሳብ ከማናቸውም ጽሑፍ የበለጠ ማስረጃ ሆነ።

ሙሴ ዴግራንዥ ግን አልተረቱም። ውጤቱን አይተው በሰጡት መልስ፥ የሚለዋወጥ ማርሽ ከ45 ዓመት በላይ ለሆነው ሰው የሚገባ ነው፤ ወጣት ግን በጡንቻው እንጂ በመሣሪያ ብልሃት ማሸነፍ አይገባውም የሚል አስተያየት አቀረቡ። ይህም የቃላት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሥልጣኑ በእጃቸው ስለ ነበረ፥ ሰንሰለት የሚያዛውረው ካምቢዮ ለብዙ ዓመታት ከታላቁ ውድድር ተከልክሎ ቈየ።

ሙሴ ደ ቪቪ የሰጡት ምላሽ የቁጣ አልነበረም። እንደ ነጋዴ ሒሳብ አቀረቡ። የሰው ጉልበት በየቀኑ የሚወጣ ወረት ነው። ወረቱን በአንድ ዳገት ላይ አፍስሶ ቀሪውን መንገድ በዕዳ የሚሄድ ሰው ጀግና ሊባል ይችል ይሆናል፤ ዐዋቂ ግን አይባልም። ማርሽን ማቅለል ከሥራ መሸሽ ሳይሆን ሥራን እስከ ፍጻሜው ለማድረስ ኃይልን መመጠን ነው። ደግሞም ብስክሌት የተፈጠረው ለጥቂት ብርቱ ወጣቶች ብቻ አይደለም፤ ለሽማግሌው፥ ለሴቲቱ፥ ከሥራ ደክሞ ለሚመለሰው ሠራተኛም ነው። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት በዳገታማ አገር እንደ ተዘጋ በር ነው። የክርክሩም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነበር፤ መሣሪያው ለሰው ይስማማ ወይስ ሰው ለመሣሪያው ይገዛ የሚል ጥያቄ ነበር።

የሚያስገርመው ነገር፥ ቱር ደ ፍራንስ በ1903 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገ ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ከወጧቸው ዳገቶች አንዱ ያው የሙሴ ደ ቪቪ ዳገት ኮል ደ ላ ሬፑብሊክ መሆኑ ነው። ብልሃቱ የተወለደበትን ተራራ ተሽቀዳዳሚዎቹ ያለ ብልሃቱ ወጡት። ከዚያም በኋላ ውድድሩ ወደ ፒሬኔና ወደ አልፕስ ታላላቅ ተራሮች በገባ ጊዜ፥ ብዙዎቹ በኋላው መንኮራኩር ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ መዘውሮች ያኖሩ ነበር። ዳገት ሲደርሱ ይወርዱና ዳዶውን ፈትተው መንኮራኩሩን ያገለብጡታል፤ ቁልቁለት ሲጀምር እንደ ገና ወርደው ይመልሱታል። እንዲህ ያለው ሥራ በዝናብና በብርድ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበር የኢጣሊያኑ የቱሊዮ ካምፓኞሎ ታሪክ ያስረዳል። በ1927 ዓ.ም. ይህ ሰው በሰሜን ኢጣሊያ ክሮቼ ዳውኔ በተባለ ተራራ ላይ ሲወዳደር ጣቶቹ በብርድ ስለ ደነዘዙ ዳዶውን መፍታት አቅቶት ውድድሩን እንዳጣ ይነገራል። ከዚህ የተነሣ መንኮራኩርን በአንድ የእጅ ዘንግ ብቻ የሚፈታና የሚያስር መሣሪያ አወጣ፤ በ1933 ዓ.ም.ም በቪቼንዛ ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ። ከዚህ ፋብሪካ በኋላ የወጡት ካምቢዮዎች በዓለም ሁሉ ስም አግኝተዋል።

ሙሴ ደ ቪቪ በዚህ ሁሉ ጊዜ መንገዳቸውን አልተዉም። በሰንበትና በበዓል ቀን፥ በተለይም በፋሲካ፥ ሌሊቱን ሁሉ ሲነዱ አድረው ወደ ተወለዱበት ወደ ፕሮቫንስ ይወርዱ ነበር። ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ በኋላም ወጣቶችን የሚያደክም ጉዞ ይጓዙ ነበር። ሥጋ መብላት ትተው በአታክልትና በፍራፍሬ፥ በዳቦና በእህል ይኖሩ ነበር። የዓለም ሕዝቦች በአንድ ቋንቋ እንዲግባቡ የታሰበውን ኤስፔራንቶን ተምረው ይደግፉት ነበር። ሰፋፊ ጎማዎች በድንጋያማ መንገድ ላይ ከቀጭኖቹ ይሻላሉ ብለውም ያስተምሩ ነበር።

ለተከታዮቻቸው የሰጡት ሰባት ምክር እስከ ዛሬ በብስክሌተኞች ዘንድ ይታወቃል። የምክሩ ጠቅላላ አሳብ፥ ጉዞን በረጅም ዕረፍት አለማቋረጥ፥ ረኀብና ጥም ሳይጸና አስቀድሞ ጥቂት ጥቂት መብላትና መጠጣት፥ ለነገ ጉዞ የማያበቃ ድካም ሳይመጣ መጠንቀቅ፥ በመንገድ ላይ ከሥጋ፥ ከወይን ጠጅና ከትንባሆ መራቅ፥ እንዲሁም ለከንቱ ውዳሴ ብሎ አቅምን አለማባከን ነው። ይህ የመጨረሻው ምክር ለብስክሌተኛ ብቻ ሳይሆን ሥራ ለተሰጠው ሰው ሁሉ የሚስማማ ነው።

በ1922 ዓ.ም. ወዳጆቻቸው በስማቸው በዓል አቋቋሙላቸው። በዚህ በዓል ብስክሌተኞች ከሴንት ኤትየን ተነሥተው ያንን ጥንት ያደከማቸውን ዳገት ይወጡ ነበር። ወጣት፥ ሽማግሌ፥ ባልና ሚስት በአንድነት ተሰልፈው፥ እያንዳንዱ በአቅሙና በማርሹ ሲወጣ ማየት፥ ለሙሴ ደ ቪቪ ከማናቸውም የክብር ኒሻን የሚበልጥ ዋጋ ነበር። እርሳቸውም የ70 ዓመት ሽማግሌ ሊሆኑ ሲቃረቡ በበዓላቸው ላይ በብስክሌት ይወጡ ነበር።

በ1930 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው የሞት ጥሪ ደረሰባቸው። በሴንት ኤትየን መንገድ ብስክሌታቸውን በእጃቸው እየገፉ ሲሻገሩ፥ ከሚመጣባቸው አውቶሞቢል ለመሸሽ ወደ ኋላ ቢሉ ትራም ገጭቶ ገደላቸው። በዚያው ዕለት ጧት የሮማዊውን የሴኔካን ድርሰት ሲያነቡ እንደ ነበር ይተረካል። ያን ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር በሌሊትና በዝናብ፥ በተራራና በገደል ተጉዘው ያልጎዳቸው ሰው፥ በከተማቸው መካከል በእግራቸው ቆመው ሳሉ ሞቱ። ከሞቱም በኋላ በኮል ደ ላ ሬፑብሊክ አናት ላይ መታሰቢያ ቆመላቸው።

ቱር ደ ፍራንስ ካምቢዮን ለተወዳዳሪዎች ሁሉ የፈቀደው በ1937 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት አሸናፊ ሮዤ ላፔቢ በካምቢዮ ነድቶ ድል አደረገ። ሙሴ ደ ቪቪ ይህን ቀን ለማየት 7 ዓመት ጎደላቸው። የዳገቱ ክርክር የተጀመረው እርሳቸው ጐልማሳ ሳሉ ነው፤ የተፈረደውም በመቃብር ካረፉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ማርሽ የደካማ ሰው ምልክት ነው የሚል ሰው አልተገኘም። ሁለት የነበረው ማርሽ አምስት፥ አምስቱ አሥር፥ አሥሩም ከ20 በላይ ሆነ። የዓለም ብርቱዎች የሚባሉት ተሽቀዳዳሚዎች ራሳቸው ለዳገት የሚመርጡት ማርሽ ሙሴ ደ ቪቪ ቢያዩት ደስ የሚሰኙበትን ያህል የቀለለ ሆኗል።

የዚህ ታሪክ ጥቅም በተለይ ቆላና ደጋ ተያይዘው ለሚገኙበት ለአፍሪካ ቀንድ ሕዝብ ግልጽ ነው። ከምጽዋ ባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አስመራ የሚወጣ መንገደኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ይህም የኮል ደ ላ ሬፑብሊክ ከፍታ እጥፍ ያህል ነው። በሌላው ዳርቻ ከሰሜን ኬንያ ቆላ ተነሥቶ በደጋው ጫፍ ላይ ወዳለችው ወደ ድንበር ከተማዋ ወደ ሞያሌ የሚወጣ ሰውም እንዲሁ ሜዳና ዳገት ይፈራረቁበታል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ለከተማ መንገድ እንጂ ለረጅም ጉዞ አይበቃም። በኤርትራ ምድር የብስክሌት ውድድር ሥር ሰድዶ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር በ1946 ዓ.ም. ተደርጓል። ኢትዮጵያም በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችን ከሯጮች ጋር አሰልፋ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2015 ዓ.ም. የኤርትራው ተወላጅ ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ ላይ ለዳገት መሪ የሚሰጠውን ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ሹራብ ለበሰ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የአገሩ ልጅ ቢንያም ግርማይ ሦስት የጉዞ ቀኖችን አሸንፎ አረንጓዴውን ሹራብ ወሰደ። እነዚህ ወጣቶች የነዱት ብስክሌት ሙሴ ዴግራንዥ ለሽማግሌ ብቻ የፈቀዱትን ብልሃት የያዘ ነው።

ሥልጣን ለያዘ ሹምም ሆነ ለነጋዴ፥ የሙሴ ደ ቪቪ ሕይወት ከብስክሌት አልፎ የሚሄድ ትምህርት አለው። አዲስ ነገር ሲመጣ የለመደውን የሚወድ ሰው ነውር ይለዋል፤ ነውሩንም በክብር ስም ይጠራዋል። ሙሴ ዴግራንዥ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያቋቋሙትም ውድድር ታላቅ ነበር። ነገር ግን የራሳቸውን ብርታት ለሌላው ሁሉ መስፈሪያ አደረጉት። ሙሴ ደ ቪቪ ግን በዳገት ላይ የተቀደሙ ቀን ከመናደድ ይልቅ የቀደማቸውን ሰው መሣሪያ ተመለከቱ፤ የተማሩትንም ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። ጉልበተኛ ሰው አንድ ዳገት ይወጣል፤ ብልሃቱን ለሌላው የሚያካፍል ሰው ግን ዳገቱን ለብዙ ሰው ያስወጣል።